መንግሥትን ደንበኛው ያደረገው ነጋዴ፦ ጂቫንጂ ማን ነበር?

ናይሮቢ ለዕቃ የምትመላለሱ ሁሉ ጂቫንጂ ጋርደንን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት ቦታውን ታውቁታላችሁ። ከቢያሻራ ጎዳና ጨርቅ ገዝታችሁ፣ ወደ ኢስሊ የሚወስዳችሁን ማታቱ ከመያዛችሁ በፊት እግር ለማሳረፍ አረፍ የምትሉበት፣ ሰባኪው የሚጮህበት፣ ፎቶ አንሺው የሚለማመጥበት፣ ሥራ ፈላጊው ሣር ላይ ተኝቶ የሚውልበት አረንጓዴ ቦታ ነው። እኔ ሞያሌ ተወልጄ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ ስመላለስ ጂቫንጂ የሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር። የሰው ስም መሆኑን፣ ያ ሰው ደግሞ እንደኛው ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ መሆኑን ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

እንዳነብ ያስገደደኝ ነገር አለ። አምስት ሴቶች ሆነን ለአንድ ተቋም እህልና ዘይት ለማቅረብ ጨረታ ልንገባ እየተማከርን ነው። ከአምስታችን ከዚህ በፊት ከመንግሥት ጋር ውል ያሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ ያየሁትን ከታች እነግራችኋለሁ። የንግድ ሥራ ዲፕሎማዬን ስማር ስለ ማርኬቲንግ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ገዢው መንግሥት ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማረኝም። ስለዚህ ከኛ በፊት ያደረገውን ሰው ፈለግሁ። ዓመተ ምሕረቱ የኬንያውን ታሪክ ስነግራችሁ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የኛን ስነግራችሁ እንደኛ።

አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ በ1856 ካራቺ ተወለደ። የዳውዲ ቦህራ ሙስሊም ነው። ወጣት ሆኖ ከአገሩ ወጥቶ በ1880ዎቹ አውስትራሊያ፣ አደላይድ ድረስ ሄዶ ነገደ። ከዚያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አዞረ። በ1890 የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ ከካራቺ ሠራተኛ እንዲያመጣለት ሥራ ሰጠው፤ በ1891 ሞምባሳ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ባቡሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። በ1895 ኩባንያው ከሥሮ ግዛቱን ለእንግሊዝ መንግሥት ሲያስረክብ፣ መንግሥት ደግሞ ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሐዲድ ሊዘረጋ ሲነሳ፣ ጂቫንጂ ሞምባሳ ላይ ሱቁን ከከፈተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። መጋዘን አለው፤ በካራቺም በሞምባሳም ሰው አለው፤ ከዚህ ቀደም ሰው በመርከብ አምጥቶ ማስረከቡን ያዩ ሹማምንት አሉ። ስለዚህ ሠራተኛ የማምጣት፣ ስንቅ የማቅረብ፣ በኋላም አፈር የመቁረጥ፣ ድንጋይ የመፈልፈልና ቤት የመሥራት ውሎች ወደ እሱ መጡ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በ1896 መጀመሪያ ሞምባሳ ወረዱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኛ የሚጠቅመው ይኼ ነው ብዬ ስለማምን።

የባቡሩ ኃላፊዎች ምን ጎደላቸው? ገንዘብ ከለንደን ይመጣል። መሐንዲስ አላቸው፤ ሐዲዱም በመርከብ ይጫናል። የጎደላቸው የሚሠራ እጅና የሚበላ እህል ነበር። የሕንድ መንግሥት ሠራተኞቹ እንዲወጡ ሕጉን በ1896 ማሻሻል ነበረበት። ሠራተኛው የሚፈርመው የሦስት ዓመት ውል ነው፤ መመለሻው በነጻ፣ ስንቁም በአሠሪው። በድምሩ 32,000 ገደማ ሰው መጣ። እስቲ አስቡት፣ ይህን ሁሉ ሰው በየቀኑ ምን ታበሉታላችሁ? የለመደው ሩዝ፣ ዱቄት፣ ምስር፣ ቅቤ ነው። ሐዲዱ ከሞምባሳ ወጣ እንዳለ የሚገባው ታሩ የሚባል ውኃ የሌለው ምድረ በዳ ነው፤ ውኃው ራሱ ከኋላ በባቡር ይጫን ነበር። በዚያ ላይ በ1898 እና በ1899 የካምባ አገር በከባድ ረሃብ ተመታ፤ ከአካባቢው እህል እገዛለሁ የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ስንቁ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፣ ሞምባሳ ወርዶ፣ በዚያው በሚዘረጋው ሐዲድ ላይ ተጭኖ፣ ሐዲዱ ዛሬ ካደረበት ጫፍ መድረስ አለበት። ነገ ደግሞ ጫፉ ሌላ ቦታ ነው።

ይህንን ሳነብ የታየኝ የኛ ሥራ ነው። ከዚያ ገዝቶ እዚህ ማድረስ። ሞያሌ ላይ ያለን ሴቶች ሌላ ምን እናውቃለን? የጂቫንጂ ማርኬቲንግ ይኼው ነበር ባይ ነኝ። እኛ ደንበኛ ስንፈልግ የምንጀምረው ካለን ዕቃ ነው፤ «ይኼ አለኝ፣ ግዙኝ» እንላለን። እሱ የጀመረው ገዢው ምን አጥቶ ሥራው እንደሚቆምበት ከማወቅ ነው።

ሁለተኛው ነገሩ በታይታ መኖሩ ነው። ሐዲዱ በግንቦት 1899 ናይሮቢ ደረሰ። ያኔ ናይሮቢ ረግረግ ነበረች፤ ስሟም ከማሳይኛው «ቀዝቃዛ ውኃ» የመጣ ነው። ሌላው ሰው ከተማ ትሆናለች ብሎ ሳይገምት ጂቫንጂ መሬት ያዘ፣ ቤት ሠራ፣ የመንግሥትን ሕንጻዎች ሠራ፣ በ1904 የገበያ አዳራሽ አቆመ። ሞምባሳ ላይ ደግሞ አፍሪካን ስታንዳርድ የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረተ። ዛሬ ኬንያ ውስጥ በየመንገዱ የሚሸጠው ስታንዳርድ የዚያ ልጅ ነው። የስንቅና የድንጋይ ተቋራጭ ጋዜጣ ምን ያደርግለታል? ሹማምንቱም ሰፋሪዎቹም በየሳምንቱ የሚያነቡት ወረቀት ባለቤት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለእኔ መልሱ ይህ ነው። እኛ አገር ጨረታ የሚፈልግ ነጋዴ ለስንት ዘመን አዲስ ዘመንን ከኋላ ገጹ ጀምሮ ሲያነብ ኖሯል። ፊት ለፊት ያለው ዜና ለሌላ ሰው፣ ጨረታው ለኛ። ጂቫንጂ ማስታወቂያው እስኪወጣ አልጠበቀም፤ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ወረቀት አሳተመ።

ግን ሰውየውን ቅዱስ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ። ከነዚያ 32,000 ሰዎች 2,500 ገደማው አገሩን ሳያይ ሞቷል። በጻቮ የበላቸውን ሁለት አንበሶች ሁሉም ሰው ያወራል፤ በወባና በተቅማጥ ያለቁትን ግን የሚያወራ የለም። ተቋራጭ ሰው አቀርባለሁ ብሎ ሲፈርም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የእናት ልጅ መሆኑን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1901 ኪሱሙ ሐይቁ ዳር ደረሰ። የኛው የጂቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ሊገባ ዓመት በቀረው ጊዜ ማለት ነው። ከሕንዶቹ አብዛኞቹ ተመለሱ፤ ከ6,000 በላይ የሚሆኑት ቀሩ። ዛሬ ቢያሻራ ጎዳና ላይ ከምንከራከራቸው ባለሱቆች የአንዳንዶቹ ቅድመ አያቶች ከነዚህ መካከል ናቸው።

የዚያው ዘመን ሌላ ነጋዴም ነበር፣ አሊዲና ቪስራም። ከከች ተነስቶ በልጅነቱ ባጋሞዮ የወረደ። እሱ ሐዲዱን ተከትሎ በየጣቢያው ሱቅ፣ በስዋሂሊው ዱካ፣ ይከፍት ነበር፤ ኡጋንዳም ዘለቀ። ለባቡሩ ሠራተኞች ስንቅ ያቀርባል፣ ግን ለገበሬውም ጨርቅና ጨው ይሸጣል፣ ከገበሬውም ጥጥና ቆዳ ይገዛል። መንግሥት አንዱ ደንበኛው እንጂ ብቸኛ ደንበኛው አልነበረም። ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ ወደ ቪስራም ያደላል። እሱም ቢሆን በ1916 ከሞተ በኋላ ንግዱ ብዙ አልቆየም፤ ሞምባሳ ላይ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ቀርቷል።

ወደ ጂቫንጂ ልመለስ፤ የሚያሳስበኝ የታሪኩ መጨረሻ ነው። ትልቁ ደንበኛው ፊቱን አዞረበት። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ እንግሊዞች ነጭ ሰፋሪ ማምጣት ጀመሩ። ሰፋሪዎቹ ሕንዱን ነጋዴ ተወዳዳሪያቸው አድርገው አዩት፤ ከደጋው ለም መሬት ሕንድ እንዳይሰጠው በ1908 ከለንደን ተወሰነ። ረግረጉን ከተማ ካደረጉት አንዱ ከከተማው ጀርባ ባለው ደጋ አንድ ጋሻ እንዳይገዛ ተከለከለ ማለት ነው። ጋዜጣውን በ1905 ሸጦት ነበር፤ ገዢዎቹ ስሙን ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ አሉትና የሰፋሪዎች ድምፅ ሆነ። በገዛ ገንዘቡ ያቋቋመው ወረቀት ወገኖቹን ሲያብጠለጥል እያነበበ ቁርሱን በላ። በ1909 ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ አባል ሆኖ ተሾመ፤ አንድ ድምፅ በብዙ ነጮች መካከል። ቀሪ ዕድሜውን ለሕንዶች መብት ሲከራከር፣ ለንደን ሲመላለስ፣ ገንዘቡን ሲከሰክስ ኖሮ በ1936 ሲሞት የድሮው ሀብቱ አብዛኛው አልነበረም።

የአትክልት ቦታውን ለሕዝብ የሰጠው በ1906 ነው፤ መሐሉ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያን ሐውልት አቁሞ። ይህም ማርኬቲንግ ነው፤ ለደንበኛ የሚሰጥ የዓመት በዓል ካላንደር በሉት፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ። በ1991 ቦታው ለመኪና ማቆሚያና ለሕንጻ ሊሰጥ ሲል የልጅ ልጁ ዛሪና ፓቴል ተነስታ ሰው አስተባብራ አስቀረችው። በኋላም ታሪኩን መጽሐፍ አድርጋ ጻፈችው። ሐውልቱን እንኳ በ2015 ሰዎች ሰባብረውታል። የሰጠው ሣር ግን አለ፤ እኛም እንቀመጥበታለን።

አሁን ወደ ራሴ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ተቋም ለተማሪ ማደሪያ 350 ብርድ ልብስ በጨረታ ሊገዛ ማስታወቂያ አወጣ። እኔ በዚያ ቢሮ አዲስ አልነበርኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በፕሮፎርማ ትንንሽ ነገር ሳቀርብ ነበር፤ መጥረጊያ፣ ወረቀት፣ የበር ቁልፍ። ትርፉ ከታክሲ አያልፍም። ግን በአልኩት ቀን አደርሳለሁ፣ ደረሰኜ ንጹሕ ነው፣ የተሰበረ ካለ ሳልከራከር እለውጣለሁ። ግዥ ክፍሉ ስሜን ያውቃል። ጨረታውን ያሸነፍኩት ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቼ ነው፤ ሰነዱን ሳልሳሳት የሞላሁት ግን በነዚያ መጥረጊያዎች ተምሬ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዋጋ ሳይሆን በማኅተም ነው፤ አንድ ገጽ ሳያኅትም፣ ሲፒኦውን በተሳሳተ ፖስታ ከትቶ፣ ክሊራንሱ ጊዜው አልፎ።

ከዚያ ምን ሆነ? ድንበር ማዶ ያለው ብርድ ልብስ ርካሽ ነው፤ ግን ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ለመንግሥት አይገባም። ስለዚህ ከመርካቶ አከፋፋይ ግማሹን በጥሬ፣ ግማሹን በዱቤ ገዝቼ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጫንኩ። ጥሬውን ያገኘሁት ዕቁቤን አስቀድሜ በመውሰድ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አስረከብኩ። የጥራት ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ሥልጠና ሄዷል ተባለ። ዕቃው መጋዘን ተቆልፎበት እኔ በሩ ላይ እመላለሳለሁ። ሞዴል 19 ተቆርጦ እጄ የገባው ሰኔ 28 ነው። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። ፋይናንስ ሄድኩ፤ «እትዬ፣ ለሚመጣው ዓመት ነው» አለኝ ልጁ፣ በጨዋነት። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ያ ብር የተያዘለት መደብ ሌላ ነበር። ገንዘቤ የወጣው በሚያዝያ ነው፤ ሁለት በመቶው ዊዝሆልዲንግ ተቀንሶ። አሥር ወር። በአሥሩ ወር የመርካቶው ሰውዬ ስልክ ሲደውል ልጄ አንስታ «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት» ትለዋለች። ልጄን ውሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያ ይቆጨኛል፣ ከገንዘቡ በላይ። የዕቁቡ ዳኛ ጨዋ ሰው ባይሆኑ ኖሮ የሱቄን በር ይወስዱት ነበር።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ልጁም፣ ኮሚቴውም፣ ሥልጠና የሄደውም ሰው ሌብነት አልሠሩም። አንድም ሰው ጉቦ አልጠየቀኝም። ሁሉም ደንቡን ጠብቀው ነው እኔ የተቃጠልኩት። ለዚህ ነው የጂቫንጂ ታሪክ የገባኝ። መንግሥት ደንበኛ ሲሆን ሰው አይደለም፤ የሚቆጣው የለም፣ የሚያዝንልህም የለም፣ ዓመቱ ሲዘጋ ይዘጋል፣ ፖሊሲው ሲዞር ይዞራል። ትላንት ያለ አንተ እህል ያልነበረው ዛሬ መሬት አትግዛ ይልሃል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ የተለወጠ ነገር ግን አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ጂቫንጂ ውል ያገኘው በእውቂያና በስም ነበር። አሁን ለኛ ቢጤ በወረቀት የተጻፈ በር አለ። ኬንያ ውስጥ ያላችሁ እህቶች፣ ከ2013 ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለሴቶች፣ ለወጣቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች እንዲሆን ተወስኗል፤ በ2015 የወጣው የግዥ ሕግም አጽንቶታል። መጀመሪያ መመዝገብና ሰርተፊኬቱን ማውጣት ነው። የሴቶች ፈንዱ ደግሞ የግዢ ትእዛዝ ለያዘች ሴት ዕቃውን የምታመጣበት ብድር ይሰጣል፤ ለእኔ ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ ዕቁቤን አልነካም ነበር። የክፍያ መዘግየቱ ግን እዚያም ያው ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ «ያልተከፈለ ሂሳብ» ሲባል የማያቃስት አቅራቢ አላየሁም።

በኛ በኩል፣ ከ2001 ዓ.ም. የግዥ አዋጅና እሱን ተከትሎ ከወጣው መመሪያ ወዲህ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ሰው በሲፒኦ ፈንታ ካደራጀው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ይዞ መወዳደር ይችላል። የጨረታ ሰነዱንም በነጻ ይወስዳል። የኮንዶሚኒየሙን ብሎኬት፣ በርና መስኮት፣ የከተሞቹን ኮብልስቶን የሠሩት ተደራጅተው የገበያ ትስስር ያገኙ ልጆች ናቸው። ከነሱ ውስጥ ዛሬ የራሳቸው ማሽን ያላቸው አሉ። የኮንዶሚኒየሙ ሥራ ሲቆም አብረው የቆሙም አሉ፤ ሌላ ደንበኛ ፈልገው ስለማያውቁ። አንዱን አውቀዋለሁ፣ የመስኮት ፍሬም የሚሠራበት ማሽን ላይ ሸራ አልብሶ አሁን ባጃጅ ይነዳል።

አሁን አምስታችን የያዝነው ጉዳይ ይኸውላችሁ። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨው፣ በየወሩ። ዋጋው የሚሞላው ዛሬ ነው፤ ዘይት ግን በጥር ስንት እንደሚገባ ማን ያውቃል? የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ እንዳለው ሰነዱን ሁለቴ አነበብኩ፤ የለውም። አንዷ «ከሌላው ዝቅ እናድርግና እንግባበት፣ ስም ይሆነናል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ጂቫንጂም የገባው በትንሽ ሥራ ነው። ሌላዋ ያላትን ሁሉ አውጥታ ልትገባበት ትፈልጋለች። እኔ የምላቸው ሱቃችሁን ሳትዘጉ፣ የማክሰኞ ገበያችሁን ሳትተዉ፣ ገንዘቡ አሥር ወር ቢቀር ልጆቻችሁ የሚበሉት ከሌላ ቦታ እንዲመጣ አድርጋችሁ ግቡ ነው። እነሱ ደግሞ «አንቺ ተቃጥለሽ ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ተቃጥያለሁ።

ከሁለቱ ዋጋዎች የትኛውን እንደምንሞላ ገና አልተስማማንም። ፖስታው የሚከፈተው በሚቀጥለው ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ረቡዕ ማታ እኔ ቤት ቡና አለ፤ ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ማኅተሙን አጠገቡ አስቀምጠን፣ የዘይቱን ዋጋ መጨረሻ ላይ እንሞላለን።